የነጩ ውሻ ትምህርት

የመጋዘኑ ባለቤት ትናንት የገዛውን ነጭ ውሻ ጭኖ በራፋቸው ላይ ሲቆም እናትየው ክው ብላ ቀረች። ስንት አሠልጣኝ ሞልቶ እዚህ ቤት!

"እዚህ ቤት ያለችው ልጅ ጎበዝ የውሻ አሠልጣኝ ናት ብለውኝ ነው" አለ። የማን ልጅ እንደሆነች እንኳ አልጠየቀም።

ልጅቷ ግን እሱን አሳምራ ታውቀዋለች። አባቷ ሃያ ሁለት ዓመት የዚህን ሰውዬ መጋዘን ጠብቋል። ዕቃ ጠፋ ተብሎ አባቷን በሠራተኛው ሁሉ ፊት አንበርክኮ በጥፊ ያጮለው ይኸው ጉደኛ ነው። ሌባው የሰውየው የገዛ እህቱ ልጅ ሆኖ ሲገኝም ይቅርታ አልጠየቀም። አባትየው ከዚያ ወዲህ ደጅ ወጥቶ አያውቅም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል።

"አሠለጥንልዎታለሁ" አለች ልጅቷ። "ግን ቅዳሜ ቅዳሜ እርስዎም ይመጣሉ። ጌታው አብሮ ካልተማረ ልፋቱ ከንቱ ነው።"

ሰውየው እንደሄደ እናትየው ልጇን ክንዷን ያዘቻት። "ልጄ በሞቴ! ታስነክሺውና እስር ቤት ትገቢብኛለሽ!"

"ተይኝ እማዬ። ያባዬን ፊት ሳየው እኔ እንቅልፍ የለኝም።"

እናት ከጓሮው መስኮት ሥር አልጠፋ አለች። ልጅቷ ውሻውን አትመታውም፣ አትጮህበትም። ሲተኛ መሬቱን በእግሯ መታ መታ አድርጋ ትቀሰቅሰዋለች። የፈለገችውን ሲያደርግ ዓይኗን ሳታሽ ቁራጭ ሥጋ ታጎርሰዋለች፤ ሳይሰለቸውም ታቆማለች። ከአጥሩ ወዲያ ያለው ብየዳ ቤት ቀኑን ሙሉ ብረት ሲቀጠቅጥ ውሻው ጥላ ሥር ለጥ ብሎ ይተኛል። "አቤት እርጋታው!" ትላለች እናት።

አንድ ቀን ግን ልጅቷ ከሰውየው የለመነችውን አሮጌ ኮት በገለባ ሞልታ አቆመችው። ውሻው እየተንደረደረ ሲጮህበት እናት ከመስኮቱ ሸሸች። በቃ፣ ጉድ ሊፈላ ነው።

ቅዳሜ ሰውየው ዱላውን ይዞ መጣ።

"ይጣሉት" አለች ልጅቷ። "ከላዩ ሲቆሙበት ይፈራል፤ የፈራ ውሻ ይነክሳል። ሲመጣብዎ ይንበርከኩ፣ እጅዎን ዘርግተው 'አጠፋሁ፣ ይቅር በለኝ' ይበሉ። ያኔ ይቀመጣል።"

ሰውየው በሳቅ ፈነዳ። "ይኼ ደግሞ ምን ዓይነት ትእዛዝ ነው?"

"ሌባ የማይገምተው ነዋ።"

ይቺ ነገር ጣመችው። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ውሻው ይንደረደራል፣ ሰውየው ተንበርክኮ ቃሉን ይናገራል፣ ልጅቷ ከጀርባው እጇን ከፍ አድርጋ ትቆማለች፣ ውሻው ቁጭ ይላል። "ጎበዝ!" ትላለች ልጅቷ፤ ሰውየው ደረቱን ይነፋል። በአምስተኛው ሳምንት ውሻው ገና ቀና ሲል የሰውየው ጉልበት መሬት ይነካ ጀመር።

የውሻው ርክክብ መጋዘኑ ግቢ ውስጥ ሆነ። "ሠራተኛው ሁሉ ይለምደው" ብላ ያሰበሰበችው ልጅቷ ናት። አባቷንም ለምና፣ የጥበቃ ካፖርቱንና ኮፍያውን አልብሳ፣ ክንዱን ይዛ አመጣችው። ከሰውየው ፊት ለፊት አቆመችውና የውሻውን ገመድ አስያዘችው። ራሷ ከሰውየው ጀርባ ሄዳ ቆመች። እናት ዓይኗን በነጠላዋ ሸፈነች።

"አባዬ፣ ልቀቀው!"

ውሻው ተወነጨፈ። ሰውየው ወዲያው ተንበረከከ። "አጠፋሁ፣ ይቅር በለኝ!"

ውሻው አፍንጫው ሥር ደርሶ ይጮሃል።

"ጮክ ይበሉ!" አለች ልጅቷ።

"አጠፋሁ! ይቅር በለኝ!" ውሻው አሁንም ይጮሃል። ሦስተኛ ሲደግመው ልጅቷ እጇን ከፍ አደረገች፤ ውሻው ቁጭ አለ። ከሠራተኛው የሚስቅ አንድ ሰው የለም። ሰውየው ዓይኑን ከውሻው ላይ ነቅሎ ቀና ሲል ከፊቱ የቆመው ማን እንደሆነ ገና ያኔ አየ።

አባትየው ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። "እሺ፣ ተነስ" አለና ኮፍያውን አስተካክሎ በዋናው በር ወጣ። የእናትየው አንጀት ቅቤ ጠጣ።

"ግን ልጄ" አለች መንገድ ላይ፣ "ሁለቴ ሲናገር ውሻው እምቢ ያለው ትእዛዙ ጠፍቶት ነው?"

"እማዬ፣ ነጩ ውሻ እኮ ከተወለደ ጀምሮ ጆሮው አይሰማም።"