ለመኪናው ወለል የተቆረጠ ባና

ባና ሠሪ ነኝ፤ ሱቄ ደብረ ብርሃን ገበያው ዳር ነው። አቶ ይሁኔ በየዓመቱ ልጃቸው ያረፈችበት ቀን ሲቃረብ ፊያት መኪናቸውን ከደጄ ያቆማሉ፤ ከኋላ ያለውን የዕቃ ማስቀመጫ ወለል አዲስ ባና እንዳለብስላቸው ነው። የወለተሐናን አስከሬን ከአዲስ አበባ ያመጡት እዚያ አስተኝተው ነበር። የስድስት ዓመት ልጅ ስለነበረች እግሯን ሳያጥፉ በቃት።

ዘንድሮም፣ በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ መጡ።

"የአምናው አጠረ፣ ገብረአብ" አሉኝ።

"ጌታዬ፣ የበግ ፀጉር ውሃ ከነካው ይሰበሰባል እኮ!" አልኳቸው ተናድጄ። በዚህ ሥራ ሸብቻለሁ፤ እጄ አይታማም። አሮጌውን ባና አውጥቼ በክንዴ ለካሁት፤ አምና የቆረጥኩት ልክ ነው። ወለሉን ለካሁት፤ አንድ ስንዝር ይበልጣል። መኪናዋን ከውጭ ለካኋት፤ ያው ናት።

ባለቤታቸው ወይዘሮ በሰለች ከመኪናው ወርደው የተሰቀሉትን ባናዎች በጉንጫቸው እየነኩ ይመርጡ ነበር። ሻካራውን ትተው ከጠቦት ፀጉር የተሠራውን ለስላሳ ያዙ።

"ይሄ ይሁንልኝ፣ አያ ገብረአብ። ቁመቷ በአባቷ ወጥቷል፤ ረዘም አድርገህ ቁረጠው። የምትለብሰውም ይትረፋት፣ የዘንድሮ ብርድ ከፍቷል።"

ሐዘን ነው እንዲህ የሚያናግራቸው አልኩ በልቤ። እንዳሉት ቆርጬ፣ ጠርዙን ሰፍቼ አነጠፍኩት።

እጄን ገና ሳነሳ የባናው መሐል ሰው እንደተኛበት ቀስ ብሎ ጎደጎደ።

ወይዘሮ በሰለች ጎንበስ አሉና የተረፈውን ጫፍ መልሰው ከላይ አለበሱ።