ሳናነሳህ በፊት

ጥፍር መቁረጫው አዳልጧት የመሐዲን አውራ ጣት ቆረጠው።

ኢክላስ ደንግጣ እጇን ሰበሰበች። ወንድሟ ግን ወሬውን አላቋረጠም። ትራሱን ተደግፎ፣ ከዋልዳ በኩል ስለመጣ ነጋዴና ሽንኩርት ስለበሉበት ግመሎች እየሳቀ ያወራል። ደሙ በእግሩ መዳፍ ወርዶ አንሶላው ላይ ጠብ ሲል አላወቀም። ያየው ፊቷን ነው።

«ምን ሆንሽ?»

«ቆረጥኩህ።»

«የቱ ጋ?»

«ግራ እግርህን። አውራ ጣትህን።»

አንገቱን ቀና አድርጎ አየና፣ የሌላ ሰው እግር ይመስል፣ «ይድናል» አለ።

ንጹሕ ጨርቅ ቀድዳ ጣቱን ትጠቀልል ጀመር። የናይሮቢው አውቶቡስ አሥር ሰዓት ላይ ይነሳል። እናታቸው ለኢክላስ መንገድ የሚሆን ስንቅ ልትገዛ ገበያ ወጥታለች። የኢክላስ ሻንጣ በሩ አጠገብ ተዘጋጅቶ ቆሟል። ከነገ ወዲያ ኢክላስ ናይሮቢ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ካሉት የነርቭ ምርምር ክፍሎች በአንዱ ሥራ ትጀምራለች፤ የተጎዳ ህብለ ሰረሰር እንዴት ሊጠገን እንደሚችል በሚያጠናው።

«እስቲ ድገሚልኝ፤ እዚያ ምንድነው የምትሠሩት?» አላት መሐዲ።

«አይጦች ላይ ነው የምንሠራው። ህብለ ሰረሰራቸው የተጎዳ አይጦች። ነርቩ ጠባሳውን አልፎ እንደገና እንዲያድግ ነው የሚሞከረው።»

«ያድጋል?»

«ትንሽ። እሱም አንዳንዴ።» ቀና ብላ አየችው። «ላንተ አይደርስም፣ መሐዲ። አልዋሽህም።»

«እኔ መች ለኔ አልኩሽ?»

ለቦታው ስትወዳደር የምርምር ክፍሉ ፕሮፌሰር ለምን ይህን ሥራ እንደመረጠች ጠይቀዋት ነበር። «ወንድሜ መራመድ ስለማይችል» ብላ መለሰች። እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት መሐዲ ቡቲዬ ሰፈር ላይ ከፍየል ጭነት መኪና አናት ሲወድቅ ቀድማ የደረሰችው እሷ ነበረች። «አንሱት! ምን ትጠብቃላችሁ፣ አንሱት!» ብላ የጮኸችውም እሷ። ሦስት ሰዎች፣ አንዱ በብብቱ፣ ሁለቱ በእግሮቹ ይዘው፣ «ፖሌ ፖሌ፣ ቀስ በሉ» እየተባባሉ እንደ ጆንያ አጥፈው አነሱት። ቦዳ ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ሳይክል ላይ፣ በሞተረኛውና በእሷ መካከል አስቀመጡት። እንዳይወድቅ ከኋላ ጥብቅ አድርጋ አቅፋው እስከ ሆስፒታል ሄደች።

ሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለች፣ አንድ አስተማሪ ስላይድ ላይ የተሰበረ አከርካሪ አሳዩአቸው። እንዲህ ያለ ሰው ቀጥ ባለ ነገር ላይ ሳይተኛ ከተነሳ፣ ከአደጋው የተረፈውን ነርቭ የተሰበረው አጥንት ይቆርጠዋል አሉ። ኢክላስ ደብተሯን ትታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት በየዕረፍቷ እየመጣች አጠበችው፣ አገላበጠችው፣ ጥፍሩን ቆረጠችለት። ጥያቄው ግን ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

ዛሬ የጨርቁን ጫፍ እንደያዘች ወጣ።

«መሐዲ… ያን ቀን መሬት ላይ ተኝተህ፣ ሳናነሳህ በፊት፣ እግርህ ይሰማህ ነበር?»

መሐዲ የጣሪያውን ቆርቆሮ አየ። ውጭ የጎረቤት ሞተር ሳይክል ተነስቶ፣ አስፋልቱ ላይ እስኪወጣ ድምፁ ተሰማ። አይሰማኝም ነበር እንዲላት ጸለየች፤ ጸሎቷም አሳፈራት።

«ይሰማኝ ነበር» አለ።

የጨርቁን ጫፍ ለቀቀችው።

«ድንጋዩ ፀሐይ መቶት ያቃጥል ነበር። ግራ እግሬን ሸሸት አደረግኩት። ሞተሩ ላይ ነው የጠፋው። ጉድጓዱን ስንዘል፣ እንደ መብራት፣ ድርግም።»

«ታውቅ ነበር?»

«ሆስፒታል አንዱ ዶክተር ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። በምን እንደመጣህ ንገረኝ አለ። እሱንም ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። ያኔ ገባኝ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አሥራ አምስት ዓመትሽ ነበር፣ ኢክላስ።»

መሬቱ ላይ ተቀመጠች። ጀርባዋን ለአልጋው ብረት ሰጥታ፣ «አልሄድም። በየትኛው ፊቴ እሄዳለሁ?» አለች።

«ትሄጃለሽ!» ድምፁ ቤቱን ሞላው። እንዲህ ሲጮህ ሰምታው አታውቅም። «ወላሂ ትሄጃለሽ! ዘጠኝ ዓመት አፌን ዘግቼ የኖርኩት እዚህ እንድትቀመጪልኝ መሰለሽ?»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንዳንድ ቀን ይመጣብኛል። ውሃ ስታቀብዪኝ እጅሽን አይና፣ ይሄ እጅ ነው ያቀፈኝ እላለሁ። እናደዳለሁ። ከዚያ ውሃውን እጠጣለሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? ሌላው ሁሉ ቆሞ ሲያይ የሮጥሽው አንቺ ነሽ።»

አለቀሰች። እሱም ዝም እንድትል አልነገራትም። ስታበቃ፣ «በይ፣ ስልክሽን አውጪ» አላት።

«ለምን?»

የአልጋውን ራስጌ ብረት በሁለት እጁ ጨብጦ ራሱን ስቦ ቀና አለ፤ ደረቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ሸሚዜን ግለጪና ጀርባዬን አንሺው። ለእነዚያ ሰዎችሽ አሳዪያቸው። አይጥ ብቻ እንዳያዩ።»

ሸሚዙን እስከ ትከሻው ሰበሰበችለት። ከወገቡ ከፍ ብሎ፣ አጥንቱ ያለቦታው የገጠመበት ጉብታ ቆዳውን ወጥሮ ቆሟል። ስልኩን አቀናችና ነካችው።

«ወጣ?»

«ደብዝዟል።»

«ድገሚው።»

የመሐዲ ክንዶች ብረቱ ላይ ይርዱ ነበር። ቢሆንም ጀርባውን የቻለውን ያህል ቀጥ አድርጎ ጠበቃት።