የተቀመጡት ሽማግሎች

ሽማግሎቹ ተቀምጠዋል። የተበላሸው ነገር ይኸው ነው።

ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ ከበር ገብቶ ቆሞ ይናገራል። ተቀመጡ ቢሉትም መልሱን ሳይሰማ አይቀመጥም። ከተቀመጠና ጠላ ከቀመሰ ግን ነገሩ በግማሽ አልቋል፤ የሚቀረው ቀን መቁረጥ ነው። ሕሊና የመምሬ ሰይፈ ሥላሴን በቅሎ ደጅ ታስራ ስታይ ጠርጥራ ነበር። ገብታ ስታይ ሦስቱም ሶፋው ላይ ናቸው። ሁለቱ ብርጭቆ ጨብጠዋል። አባቷ አቶ ሻረው ከፊታቸው በርጩማ ላይ ሆነው ወለሉን ያያሉ።

"ነይ ግቢ፣ ዶክተር" ይላሉ ጋሽ ሐብታሙ። እህል ነጋዴ ናቸው፤ ደባርቅ ውስጥ እሳቸው ያልሸመገሉት ጋብቻ ጥቂት ነው።

የእንስሳት ሐኪም ናት፤ ቦቲዋ ጭቃ ነው፤ እጇ አዮዲን ይሸታል። ተራራው ላይ ወዳለው የጨነቅ ካምፕ የቱሪስት ጓዝ ከሚያመላልሱት በቅሎዎች የሁለቱን የጀርባ ቁስል አጥባ መምጣቷ ነው፤ ሌሎች ሁለት ይጠብቋታል። በሩ አጠገብ ትቆማለች።

"ማን ላካችሁ?"

"ምስክር። የዳባቷ የወይዘሮ ስጦታ ልጅ፣ ሆላንድ ያለው። ታውቂው የለ?"

ታውቀዋለች። ሆላንድ በተማረችባቸው ሁለት ዓመታት ሦስት ጊዜ ሻይ ጠጥተዋል። ጨዋ ሰው ነው። ባለፈው ወር ደውሎ አግቢኝ ሲላት አይሆንም አለችው። እሺ ብሎ ስልኩን ዘጋ፤ ከዚያ ሽማግሌ ላከ።

ጋሽ ሐብታሙ ከኮታቸው ኪስ የታጠፈ ወረቀት ያወጣሉ። "የዚያን አገርና የዚህን አገር ኑሮ ጎን ለጎን አስቀምጦ ልኮልናል። ለአባትሽ አንብቤላቸዋለሁ፤ አንቺም ስሚው።" መነጽራቸውን ያደርጋሉ። "መብራት፣ እዚያ አይጠፋም። ውሃ፣ ሙቁም ቀዝቃዛውም ሌት ተቀን።"

"እውነት ነው" ትላለች ሕሊና።

"ባቡር አምስት ደቂቃ ከዘገየ ይቅርታ ይጠይቃሉ።"

"እሱም እውነት ነው።"

"ውሻ እንኳን የሕክምና ኢንሹራንስ አለው ይላል።"

ሦስተኛው ሽማግሌ አያ ቢራራ ጠላቸውን ዋጥ ያደርጋሉ። "ለውሻ እንዲህ ከሆኑ ለሰውማ ምን ሊሆኑ ነው።"

"ለሰውም ደህና ናቸው፣ አያ ቢራራ። አውቃለሁ። የውሾቹን ማደሪያ የማጥበው እኔ ነበርኩ።"

አባቷ ቀና ይላሉ። ይህን ነግራቸው አታውቅም። "ዶክተር ሆነሽ?"

"ዶክተር ሆኜ፣ አባባ። ቅዳሜና እሁድ። የኛን ዲግሪ አይቀበሉትም። ቋንቋውን ተምሬ፣ እንደገና ተፈትኜ፣ ምናልባት ከስድስት ዓመት በኋላ በቅሎ ያስነኩኝ ይሆናል። በቅሎም የላቸው።"

አያ ቢራራ ሊስቁ ሲሉ ጋሽ ሐብታሙ በክርናቸው ይጎስሟቸዋል። "እሺ፣ እዚህስ ምን አለሽ? ውሃው በሳምንት አንድ ቀን ነው። መንገዱ ሲዘጋ መድኃኒት ከጎንደር አይመጣልሽም። ባለፈው ክረምት ባዶ እጅሽን ቆመሽ እያየሽ ሁለት በቅሎ አልሞተብሽም?"

"ሦስት" ትላለች ሕሊና። "ሦስት ነው የሞተብኝ።"

"ይኸው። እኔ ምን አልኩ ታዲያ።"

"ወረቀቱ አልዋሸም፣ ጋሼ። እዚያ ይሻላል። ከፈለጉ እኔም የጎደለውን እጨምርበታለሁ። ግን እስኪ ይፈልጉልኝ፤ ሕሊና ጠዋት ተነሥታ የት ነው የምትሄደው? የሚል መስመር አለው?"

ጋሽ ሐብታሙ ወረቀቱን ገልብጠው ያያሉ። ጀርባው ባዶ ነው።

"እሱ ያኖርሻል። ሥራ ምን ያደርግልሻል?"

ሕሊና ወደ አባቷ ትዞራለች። "አባባ፣ ምን ብለው መለሱላቸው?"

"ምንም አላልኩ። ብርድ ነው፣ ግቡ፣ ተቀመጡ አልኳቸው። እናትሽም ጠላ ቀዳች።" ድምፃቸው ዝቅ ይላል። "መምሬን የሚያህል ሰው ደጅ አቁሜ ልቅር?"

መምሬ ሰይፈ ሥላሴ የሶፋው ጫፍ ላይ መቋሚያቸውን ተደግፈዋል። የቤቱ የንስሐ አባት ናቸው። ፊታቸው ያለው ጠላ አልጎደለም።

"እንግዲያው ያስነሷቸው" ትላለች ሕሊና።

ጋሽ ሐብታሙ ይስቃሉ። "የተቀመጠ ሽማግሌ ይነሣል እንዴ? ገብተናል፣ ተቀምጠናል፣ ጠጥተናል። አባትሽም አልከለከሉን። ይህ በኛ ደንብ እሺታ ነው፤ ሆላንድ አስረስቶሽ እንደሆነ እንጃ።"

"አልረሳሁትም፣ ጋሼ። እኔ ግን ከገባሁ አልተቀመጥኩም።"

ይህን ጊዜ ሁሉም ወደ ቦቲዋ ያያሉ። ጭቃው ደርቆ በሩ ሥር ተፈርፍሯል። አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ አልገባችም።

"ለምስክር፣ በስልክ ያለችህን አሁንም ያንኑ ትላለች በሉት" ትልና የበሩን እጀታ ትይዛለች። "በቅሎዎቹ ይጠብቁኛል።"

"ቢራራ" ይላሉ መምሬ፣ "እስኪ ክንዴን ያዘኝ።"

አያ ቢራራ ግራ እንደተጋቡ ይይዟቸዋል።

"ወዴት ነው፣ መምሬ?" ይላሉ ጋሽ ሐብታሙ። "ነገሩ መች አለቀና።"

"እኔ የተቀመጥኩት ጉልበቴን ደክሞኝ ነው።" መቋሚያቸውን ተክለው ቀስ እያሉ ይነሣሉ። "ጉልበቴ ደግሞ ሰው የማጋባት ሥልጣን የለውም።"

ካህን ቆሞ የሚቀመጥ የለም። ክንዳቸውን የያዙት አያ ቢራራ አብረው ቆመዋል። አባቷ ከበርጩማው ብድግ ይላሉ። ጋሽ ሐብታሙ ግራና ቀኝ ያያሉ፤ ከዚያ በአንድ እጃቸው ወረቀቱን፣ በሌላው ጠላቸውን እንደያዙ እሳቸውም ከሶፋው ይነሣሉ።

ሕሊና አራቱም መቆማቸውን ታያለች። ትወጣና በሩን ትዘጋዋለች።