የጎተራው ጥናት

ባለሙያው የምርት ብክነትን ሊያጠና ከወረዳ በሞተር ሳይክል መጣ። ወይዘሮ ደብሪቱ ለክረምት ብለው ያልነኩትን የበቆሎ ጎተራ ከፈቱለት። በየሐሙሱ አሥር ኪሎ ናሙና ይወስዳል፤ እሳቸውም ቅር ብሎት እንዳይሄድ አንድ ጣሳ ምርቃት ይጨምሩለታል።

በአሥረኛው ሐሙስ የቀበሌውን ገበሬ ሰብስቦ ውጤቱን አነበበ።

«ጉድ ነው! ከእማማ ደብሪቱ ጎተራ ብቻ አንድ ኩንታል ያህል በቆሎ የገባበት ጠፍቷል። ነቀዝና አይጥ እየቀለባችሁ ነው!»

ወይዘሮ ደብሪቱ ደነገጡ።

«ኧረ ልጄ፣ ለነቀዙ አመድ ነስንሻለሁ። አይጡንም ድመቴ ጨርሳዋለች።»

«ታዲያ ማን በላው፣ እማማ?»



«እሱንማ አንተው አጥንተህ ድረስበት እንጂ» አሉና የዕለቱን ናሙና ከነምርቃቱ ሞተር ሳይክሉ ላይ ጫኑለት።