የጎረቤት ቲማቲም

ተቆጣጣሪው ጡረታ ሲወጣ ከመሥሪያ ቤቱ ይዞት የወጣው ዓይኑን ብቻ ነው። ዕድሜውን አውቶቡስ ውስጥ ቲኬት ሲፈትሽ ስለኖረ፣ አጭበርባሪን ገና ከአቀማመጡ እለየዋለሁ ይላል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትለውን ተረት ከሁሉ አብልጦ ይወዳታል፤ ሚስቱ ደግሞ ከሁሉ አብልጣ ትጠላታለች።

ጓሮውን ያስቆፈረው የጎረቤቱ ወሬ ነው። ጎረቤቱ መጋረጃ ነጋዴ ነው። ሱቁ ቤት በሚያሳምር ነገር ሁሉ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ አፉ ግን ስለ ቀላል ኑሮ ብቻ ነው የሚያወራው። አንድ ቀን ከገበያ ጋር ተለያይተናል፣ ከእንግዲህ የምንበላው ከደጃችን አፈር ነው ብሎ አወጀ። ብዙም ሳይቆይ ግቢው በቲማቲም ቀላ። መንገደኛው እየቆመ ፎቶ ያነሳ ጀመር። እሑድ እሑድ ከሰዓት ወንበር ደርድሮ ስለ አፈር ይሰብካል፤ ሰውም ሻይ እየጠጣ አሜን ይላል።

ተቆጣጣሪው ቀና። ሚስቱን ጠርቶ ከዛሬ ጀምሮ ከገበያ አንዲት ቅጠል እዚህ ቤት አትገባም አላት። እስኪበቅል ምን እንደሚበሉ ስትጠይቀው፣ ትዕግሥትም ይበላል ብሎ መለሰላት።

ጊዜው በጋ ነው፤ የቧንቧ ውሃም ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይቀራል። ተቆጣጣሪው ጓሮ ለተከለው ቲማቲም ብሎ፣ ውሃው በመጣ ጊዜ ከኩሽናው ጀርባ በቆመው አሮጌ በርሜል ያጠራቅማል። ጣጣው የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ማታ አፉ ድረስ የሞላው በርሜል ጠዋት ሲታይ ግማሽ ሆኖ ይገኛል። የጎደለው ውሃ የውሃ ሽታ ሆነ።

የተቆጣጣሪው ቲማቲሞች ቲኬት እንዳልቆረጠ ተሳፋሪ አንገታቸውን ደፉ። ግቢው ውስጥ የፋፋ ነገር ቢኖር በርሜሉን ከቦ የበቀለው አረም ነው። እሱንም እየተራገመ ሲነቅል ጭቃው አዳልጦት በቂጡ ተቀመጠ። ጭቃውን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ ሌባው ሲቸኩል ያፈሰሰው መሆኑ ገባው።

ሌባው ማን እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ከአጥሩ ማዶ ማየት ይበቃል። ያው ቧንቧ፣ ያው ፀሐይ፣ የነጋዴው ቲማቲም ግን አንድ ቅጠል እንኳ አልጠወለገም። ተቆጣጣሪው መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ሲያደባ ሰነበተ። ነጋዴው ውሃ ሲያጠጣ አንድም ቀን አላየውም። ይኼም ጥርጣሬውን አጸናለት፤ ንጹሕ ሰው ቢሆን ኖሮ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየው ያጠጣ ነበር። ነጋዴው ጠዋት ጠዋት ጨርቅ ይዞ ይወጣና ቅጠሉን አንድ በአንድ እያገላበጠ አቧራውን ይጠርጋል፤ የልጁን ፊት የሚያብስ ነው የሚመስለው። የተቆጣጣሪውን ቡቃያ የጨረሱት ወፎች እንኳ ወደዚያ አይደርሱም። መርዝ ነስንሶ ይሆናል አለ ተቆጣጣሪው። አንድ ቀን አጥሩ ላይ ተደግፎ እስቲ አንዲት ፍሬ አቅምሰኝ ቢለው፣ ነጋዴው ሳቅ አለና ለዘር የተቀመጠ ነው ብሎ አለፈው።

«የጎረቤት ሌባ ቢያዩት ይስቃል፣ ባያዩት ይሰርቃል» አለ ተቆጣጣሪው ለሚስቱ።

ሚስቱ ዳቦ በጨው እየበላች ነበር። እንደዚያ መብላት ከጀመረች ሰንብታለች።

«እኔ ሌባ አልፈልግም፤ ቲማቲም ነው የምፈልገው» አለችው። «እስከ እሑድ አንዲት ፍሬ ካላየሁ እህቴ ቤት እሄዳለሁ። እዚያ ገበያ ይኬዳል።»

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው። ስትቀልድ ትጮሃለች፤ ስትቆርጥ ግን እንዲህ ነች። ተቆጣጣሪው ፈራ። ያንን ቤት ያለ እሷ አስቦት አያውቅም።

እሑድ ደረሰ፤ ፍሬ ግን አልደረሰም። ሚስቱ ሻንጣዋን ይዛ በር ላይ ቆመች። ተቆጣጣሪው አንድ ጊዜ ጠብቂኝ አላትና እሳት ጎርሶ ነጋዴው ግቢ ገባ። እሷም ተከተለችው። ስብከቱ ሞቅ ብሏል፤ ወንበሩ ሁሉ ሞልቷል።

«ውሃዬን አምጣ» አለው በሰው ሁሉ ፊት።

«የምን ውሃ ጋሼ?»

«ከበርሜሌ እየቀዳህ እነዚህን የምታጠጣበትን።»

የነጋዴው ፊት አመድ መሰለ። «ልጆቼን ይንሳኝ፣ የእርስዎ ውሃ እዚህ ጠብ አላለም።»

«ታዲያ በምን አደጉ?»

ነጋዴው አድማጮቹን ዞሮ ዞሮ አየና «በፍቅር» አለ። አጨበጨቡለት።

ተቆጣጣሪው አፈሩ ይፈተሽ፣ እርጥብ ከሆነ እውነቱ ይወጣል ብሎ ጎንበስ አለ። ነጋዴው ዘሎ ክንዱን ያዘው።

«እባክዎ ጋሼ፣ አይንኩት። ወደ ውስጥ ገብተን በሁለታችን መካከል እንጨርሰው።»

ቲኬት ያልቆረጠ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነበር፤ ወርደን እንነጋገር። ተቆጣጣሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ፈገግ አለ። ሚስቱ ታየው ዘንድ ወደ ጎን አለላትና፣ ትልቁን ተክል ከግንዱ ጨብጦ በሙሉ ኃይሉ ሳበው።

ያን ያህል ኃይል አላስፈለገም። ተክሉ ከደረቀው አፈር ሾልኮ ሲወጣለት ወደ ኋላ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ግንዱ ታችኛው ጫፍ ላይ አንዲት ትንሽ ወረቀት ተለጥፋለች። ተቆጣጣሪው እንደ ልማዱ ገለበጣትና፣ ለተሳፋሪው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብሎ አነበባት፦

«በደረቅ ጨርቅ ይወልወል። ውሃ አይንካው።»