ፋሲካ የሌለው ቡፌ

የታናሽ እህቴ ባል ልዑልሰገድ ዕቃ የሚገዛው ላለመጠቀም ነው። አሮጌ ዕቃ ሁሉ ማኅተም እንዲለጠፍበት ከታዘዘ ወዲህ የእሱ ዓይነት ሰው በዝቷል። ዕቃውን ባዶ እጅ ከነካው ማኅተሙ ይጠቁራል። የጠቆረ ዕቃ ደግሞ እነሱ ዘንድ ከቆሻሻ ይቆጠራል።

ቅዳሜ ልጠይቃቸው ብሄድ ገና ሳልቀመጥ ወስዶ ቡፌው ፊት አቆመኝ። እናቶቻችን ብርጭቆ የሚቆልፉበት ዓይነት ቡፌ ነው። እነሱ ግን ቢያንስ ለፋሲካ ያወጡት ነበር። እዚህ ቡፌ ውስጥ የተደረደሩት የልዑልሰገድ የጌም ካሴቶች ፋሲካ የላቸውም።

«ይህቺን የሰው እጅ ነክቷት አያውቅም» አለኝ፣ ጓንት ባጠለቀ እጁ አንዷን አንስቶ።

«ጨዋታው ምን ዓይነት ነው?»

«እኔ በምን አውቃለሁ እትዬ? ተጫውቼ ላበላሻት?»

እኔም አንድ ካሴት አለኝ፤ ከምናለሽ ተራ የገዛሁት፣ ማኅተሙ ከሰል የመሰለ። ማታ ማታ ከጎረቤቶቼ ጋር እየተጫወትንበት እንሰዳደባለን፣ እንስቃለን። ይህን ስነግረው ተላላፊ በሽታ ካለበት ሰው እንደሚሸሽ ራቅ አለኝ። እኔም ማር ገዝቶ ቆርቆሮውን ሲወለውል የሚኖር ሰው አየሁ።

ትንሿ ልጁ ሶልያና እጆቿን ከጀርባዋ አጣምራ አጠገባችን ቆማለች። እዚያ ቤት ልጅ የሚቆመው እንዲህ ነው።

ልወጣ ስል ጎንበስ አልኩና ፊቷን በሁለት እጄ ይዤ ጉንጯን ሳምኳት። ከእጄ አፈትልካ ወደ ቡፌው ሮጠች። በመስታወቱ ውስጥ ፊቷን ግራና ቀኝ እያዞረች ደጋግማ አየችው።

«አባዬ» አለች፣ እፎይ ብላ፣ «አልጠቆርኩም።»