ንፋስ ያላየ ግንድ

እናት ዕድሜዋን ሙሉ በሞሮኮ ሪፍ ተራሮች ሐሺሽ ስትዘራና ስታርም የኖረች ነበረች፤ ልጇ ደግሞ እጁን አፈር ነክቶት የማያውቅ የታንጀር ባንክ ሠራተኛ። ወደ ቤቱ ያመጣት እናቱ የአገር ናፍቆቷ በርዶላት አብራው እንድትኖር ሲል በልብስ ቁምሳጥኑ ውስጥ በመብራት ያበቀለውን የመጀመሪያ የሐሺሽ ተክሉን ከፍቶ አሳያት። ቅጠሉ ለምልሟል፤ ግንዱ ግን ቀጥኖ በእንጨት ተደግፏል።

«ውሃም ብርሃንም አልነፈግሁትም፤ ምነው ደከመ፣ እማዬ?»

«ንፋስ የት አይቶ ይጠንክር፣ የኔ ሞኝ?»

ግንዱን በሁለት ጣቶቿ ይዛ ቀስ እያለች ወዲያና ወዲህ አወዛወዘችው። ሽታው ሲነሣ፣ ከቀትር በኋላ ሽቅብ የሚነፍሰው የተራራው ንፋስ ሻሿን የነካው መሰላትና እጇ ባለበት ቀረ።

«ሾርባው ቀዘቀዘ፤ ቁምሳጥኑ ውስጥ ልትከርሙ ነው?» አለች ምራቷ ከወጥ ቤት።

ማእዱን ከበው እንደ ተቀመጡ፣ «ዒድ እንዳለፈ ወደ ተራራዬ እመለሳለሁ» አለች እናት። «አትከራከሩኝ፤ ይልቅ ዳቦውን አቀብሉኝ።»